ላረጀች ቶዮታ ጥሩ ራዲያተር እንዴት ይመረጣል

አዲስ ራዲያተር ተገጥሞላት በሳምንቱ እንደገና የምታሞቅ መኪና በየጋራዡ አለች። ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ጥፋቱ ከመነሻውም የራዲያተሩ አልነበረም፣ ወይ የተገዛው ከወጣው አይሻልም። እዚህ የምንናገረው በመንገዶቻችን ላይ ስለበዙት የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላዎች እና ስለ መጀመሪያው ቪትዝ ነው፤ አብዛኛው ነገር ግን ለማንኛውም አሮጌ የቤት መኪና ይሠራል። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ እነዚህ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። የሚገዛላቸውም ዕቃ ብዙ ዓመት የሚቆይ መሆን አለበት።

ጥፋቱ የራዲያተሩ ነው?

መኪናዋ መቼ እንደምታሞቅ ልብ ይበሉ። መንገድ ተዘጋግቶ ስትቆም እየሞቀች፣ ሲለቀቅላት የምትቀዘቅዝ ከሆነ ራዲያተሩን ይተዉትና ፋኑን ይዩ፤ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ የሙቀት ስዊቹ ወይም የፋኑ ሞተር ራሱ ተበላሽቶ ይሆናል። ኤሲ ካላት፣ ኤሲውን ሲከፍቱ ፋኑ መነሳት አለበት። ከተማ ውስጥ ደህና ሆና ዳገት ላይ፣ ለምሳሌ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሃ ጽዮን ስትወጣ ብቻ የምታሞቅ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወይ ራዲያተሩ ከውስጥ በዝቃጭ ታፍኗል፣ ወይ ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ) ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፣ ወይ ከውጭ አየር ማሳለፊያው ተደፍኗል። የመጨረሻው ያለ ምንም ወጪ የሚወገድ ችግር ነው። በኤሲው ኮንደንሰርና በራዲያተሩ መካከል ያለውን ክፍተት በባትሪ መብራት ይዩ፤ አቧራ፣ ነፍሳትና የፌስታል ቁራጭ ተነጥፎበት ይገኛል። ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በቀስታ በሚፈስ ውሃ ይጠቡት። የላቫጆ ፕሬሸር በቅርብ ከተረጨበት ስሶቹን የአሉሚኒየም ቅጠሎች ያጥፋቸዋል፤ የታጠፈ ቅጠል ደግሞ አየር አያሳልፍም።

ውሃ እየጠጣች ከሥሯ ምንም የማታንጠባጥብ መኪና የበለጠ ታሳስባለች። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ከፍተው ያስነሱት። መጀመሪያ ላይ ጥቂት አረፋ ቢታይ ምንም አይደለም፤ አረፋው ሳያቋርጥ ከቀጠለ፣ ከጭስ ማውጫው ነጭ እንፋሎት ካልጠፋ ወይም የሞተሩ ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ የተቃጠለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ነው። በዚህ ሁኔታ ለራዲያተር የሚወጣ ገንዘብ ይባክናል።

ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ክዳኑ ነው፤ በደጋ አገር ደግሞ ጥቅሙ ይበልጣል። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ሞተር በጤናው የሚሠራበት ሙቀትም እዚያው አጠገብ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። 0.9 የሚል ቁጥር ያለበት ጤነኛ ክዳን መፍያውን ወደ 114 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። ስፕሪንጉ የደከመ ወይም ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ግን ምንም እንከን የሌለበትን ራዲያተር ያፈላል። ስለዚህ መጀመሪያ ክዳን ይቀይሩ፤ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ እሱ ነው። ቁጥሩ ከዱሮው ጋር አንድ ይሁን፤ 0.9 በነበረበት 1.1 መግጠም ያረጁ ማኒኮቶዎችን (ውሃው የሚያልፍባቸውን የጎማ ቱቦዎች) እና የፕላስቲክ ታንኩን ማስጨነቅ ነው።

ቴርሞስታቱን ድስት ባለ ውሃ ውስጥ አንጠልጥለው፣ እያሞቁ በቴርሞሜትር ይሞክሩት። በእነዚህ ሞተሮች አብዛኛው ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው መከፈት ይጀምራል። «አውጥተህ ጣለው» የሚለውን የተለመደ ምክር አይቀበሉ። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ የባይፓሱንም መንገድ የሚዘጋው እሱ ስለሆነ፣ ሲወጣ የሞቀው ውሃ በከፊል ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። በቀዝቃዛው ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ ይነዳል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ራዲያተሩ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ ምልክቱ ራሱ ላይ ይታያል። ጥቁር የነበረው የላይ ታንክ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ቅጠልያ ካደላ ፕላስቲኩ በሙቀት ደርቋል፤ ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ ከማኒኮቶው አፍ ሥር ወይም ታንኩን ነክሰው ከያዙት ጥርሶች አጠገብ ይጀምራል። ቅጠሎቹ በጣት ሲነኩ ከተፈረፈሩ አልቆለታል። በሌዘር ቴርሞሜትር የሞቀውን ራዲያተር ፊት ሲለኩ ከዙሪያው በብዙ የቀዘቀዘ ቦታ ካለ ደግሞ ከዚያ ጀርባ ያሉት ቱቦዎች ተደፍነዋል። የሚያፈስ ቀዳዳ የሚደፍነውን ዱቄት ወይም ፈሳሽ አይጨምሩበት፤ ቀዳዳውን ከቱቦው ለይቶ አያውቅም፣ የሂተሩንም ራዲያተር ይዘጋል።

ገበያ ከመሄድ በፊት

«የ98 ኮሮላ ራዲያተር» ብሎ መጠየቅ የስህተት መጀመሪያ ነው። በአንድ ዓመት የተሠሩ ኮሮላዎች እንደ ሞተራቸውና እንደ ካምቢዮአቸው (ማርሽ ሳጥናቸው) የተለያየ ራዲያተር አላቸው፤ 1000 ሲሲ ቪትዝና 1300 ሲሲ ቪትዝም እንደዚሁ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ይዘው የፓርት ቁጥሩን ያስፈልጉ። የቶዮታ ወኪል የሆነው ሞኤንኮ ካታሎጉ አለው። የቶዮታ ራዲያተር ቁጥር በ16400 ይጀምራል፤ ከሰረዙ በኋላ ያሉት አምስት ቁጥሮች ናቸው የእርስዎን መኪና የሚለዩት።

ከቁጥሩ ጋር ልኬት ይያዙ፤ ከተቻለ አሮጌውን ራዲያተር ራሱን ይዘው ይሂዱ። የሚለካው ቱቦና ቅጠል ያለበት መሃሉ (ኮሩ) እንጂ ከታንክ እስከ ታንክ አይደለም፤ ቁመት፣ ወርድ፣ ውፍረት። ውፍረቱን ከሁሉ ይበልጥ ይጠንቀቁ። 16 እና 26 ሚሊ ሜትር የሆኑ ኮሮች ፊት ለፊት ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ የሙቀት ማውጣት አቅማቸው ግን የተለያየ ነው። ወፈር ያለው ቢገጥም ይጠቅማል፣ ፋኑን እስካልነካ ድረስ። ከዱሮው የቀጠነውን ግን በርካሽነቱ አይውሰዱ። የማኒኮቶዎቹን አፍ ዲያሜትርና አቅጣጫ፣ የፋኑን ማሰሪያ ቀዳዳዎች፣ ከሥር ጎሚኒ (የላስቲክ መቀመጫ) ላይ የሚቀመጡትን ሁለት እግሮች፣ የሙቀት ስዊች ካለውም የሚገባበትን ጥርስ ይመዝግቡ።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት መኪና የታች ታንክ ላይ ሁለት ተጨማሪ ቀጭን መግቢያዎች አሏት፤ የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው እዚያ ውስጥ ነው። የማንዋል ራዲያተር ለእሷ አይሆንም። አሮጌው ሲፈታ ውሃው ላይ ሮዝ ወተት የመሰለ ነገር ከታየ ዘይትና ውሃ ተቀላቅለዋል፤ ያኔ ራዲያተር መቀየር ብቻውን መኪናዋን አያድንም፣ የካምቢዮው ዘይትም ቶሎ ታጥቦ መቀየር አለበት።

ሶማሌ ተራ ላይ ምን ይገኛል

በዚህ የአዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያ ብዙ ጊዜ አራት ዓይነት ይቀርብልዎታል። የመጀመሪያው የቶዮታ ሣጥን ያለው ነው፤ ውድ ነው፣ ለቆዩ ሞዴሎችም ሁልጊዜ አይገኝም። ሁለተኛው እንደ ዴንሶ፣ ኮዮ ወይም ኒሰንስ ያሉ የታወቁ አምራቾች ሥራ ነው፤ ዴንሶ ለቶዮታ ፋብሪካ ራሱ የሚያቀርብ ስለሆነ ለአብዛኛው ሰው የምንመክረው ይህን መደብ ነው። ሦስተኛው ስሙ የማይታወቅ አዲስ ዕቃ ነው፤ ከውስጡ ደህና ሥራም ብክነትም ይገኛል። አራተኛው ያገለገለ ኦርጂናል ነው። ሻጩ ሁሉንም «ኦርጂናል» ብሎ ሊጠራቸው ስለሚችል ሣጥኑን ትተው ዕቃውን ይመርምሩ።

የዲኤክስ (የ1980ዎቹ ኮሮላ) ባለቤት ደግሞ አምስተኛ አማራጭ አለው። የዱሮው የመዳብና የነሐስ ራዲያተር በስታኞ (በቆርቆሮ ብየዳ) ይጠገናል፤ ታንኮቹ ተፈትተው ኮሩ በአዲስ ሊተካ ይችላል። ጥሩ ባለሙያ ካለ ይህ ከማንኛውም ርካሽ አዲስ ዕቃ ይሻላል። የአሉሚኒየሙንና የፕላስቲኩን ግን በማጣበቂያ መጠገን መንገድ ላይ ላለ ሰው ቤቱ እስኪደርስ ብቻ ነው።

በእጅና በዓይን መመርመር

ያንሱት። አሮጌውን (ውሃው ተንጠባጥቦ ካለቀ በኋላ) በአንድ እጅ፣ አዲሱን በሌላው ይያዙ፤ ሚዛን ካለም ይመዝኑ። በልኬት እኩል ሆኖ በክብደት ጉልህ ሆኖ የቀለለ ራዲያተር የቀጠነ ቱቦ ወይም የሳሳ ቅጠል አለው። ቀጥሎ በማስመሪያ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ያሉትን የቅጠል እጥፎች ቆጥረው ከዱሮው ጋር ያወዳድሩ፤ ርካሽ ዕቃ ላይ መጀመሪያ የሚቀነሰው ይህ ነው። ከላይ ወደ ታች የወረዱትን ቱቦዎችም ይቁጠሩ።

የቱቦው ቅርጽ ብዙ ይናገራል። ጥሩው ጠፍጣፋ ቱቦ ከተጣጠፈ ቅጠል ጋር እቶን ውስጥ ተበይዶ አንድ አካል የሆነ ነው። አንዳንዱ ርካሽ ግን ክብ ቱቦ በተበሳ ቅጠል ውስጥ ተሰክቶ፣ ቱቦው ተለጥጦ በመጥበቁ ብቻ የተያዘ ነው፤ ቅጠሉና ቱቦው በደንብ ስለማይነካኩ ሙቀት በቀላሉ አይተላለፍም። የዱሮው ጠፍጣፋ ከነበረ ክቡን አይግዙ። በማኒኮቶው አፍ በኩል በመብራት ወደ ውስጥ ይመልከቱ፤ የቱቦዎቹ ጫፍ ሳይጣመምና ሳይጨፈለቅ በሥርዓት የተሰለፈ መሆን አለበት።

ታንኩን ያዙሩት። ደህና አምራች ፕላስቲኩ ላይ ራሱ ፒኤ66-ጂኤፍ30 የሚል ጽሑፍ በቅርጹ ያወጣል፤ 30 በመቶ የመስታወት ጭረት ያለበት ናይሎን ማለት ነው። ስሙም እዚያው ተቀርጾ እንጂ በተለጣፊ ወረቀት ብቻ መሆን የለበትም። ታንኩን የነከሱት ጥርሶች ዙሪያውን በእኩል መታጠፍ አለባቸው፤ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ ከሥሩ ያለው ጎማ እኩል አልተጫነም፣ መጀመሪያ የሚያፈሰውም እዚያ ጋ ነው። የማፍሰሻውን ታፕ በእጅ ፈትተው ይግጠሙት፤ ጥርሱ ከተንገዳገደ አይቀበሉት።

ያገለገለ ከሆነ ታንኩ ቀለሙን ያልለወጠ ይሁን፣ የታችኞቹ ረድፎች ላይም ነጭ ዱቄት አይኑር። በላይኛው አፍ ውሃ በፍጥነት ሲጨመርበት ከታች በዚያው ፍጥነት መውጣት አለበት፤ እየተንቆረቆረ ከወጣ ተደፍኗል።

ከመክፈልዎ በፊት በውሃ ያስሞክሩት። የጎሚስታ ገንዳ ይበቃል። አፎቹን በጎማ ደፍነው ራዲያተሩን ይንከሩና ጌጅ ባለው የእጅ ፓምፕ እስከ 1 ባር ወይም 15 ፒኤስአይ ይሙሉት፤ 5 ደቂቃ አረፋም ሳይወጣ፣ ጌጁም ሳይወርድ መቆየት አለበት። የጎሚስታውን ኮምፕሬሰር በቀጥታ አያስገቡበት፤ የጎማ ግፊት ታንኩን ያፈነዳዋል። ይህን ሙከራ የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሂዱ። ከፈቀደም «ካፈሰሰ ወይም ካልገጠመ ይመለሳል» የሚለው ቃል ከነቀኑ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

ሲገጠም

አዲሱን ራዲያተር በአጭር ጊዜ ውስጥ የሚበላ አንድ ነገር አለ፦ የላላ ወይም የዛገ የሞተር ኔጌቲቭ ገመድ። ኤሌክትሪኩ በውሃው በኩል መንገድ ሲያገኝ አሉሚኒየሙን ከውስጥ ይበሳዋል። አሮጌው ገና ሳይፈታ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ክዳኑ እንደተከፈተ፣ የመልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን ብረቱን ሳያስነኩ ውሃው ውስጥ ያድርጉ። ሞተሩን አስነስተው መብራትና ፋን ከፍተውም ይለኩ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ገመዶቹን አጽድተው ያስሩ፤ ውሃውም ይቀየር።

አሮጌው ውሃ መሬት ላይ አይደፋ። ውስጡ ያለው ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ጣፋጭ ነው፤ ውሻም ሕፃንም ይመርዛል። ሞተሩን ንጹህ ውሃ እስኪወጣው ድረስ ይጠቡት፤ ካልታጠበ ዝቃጩ ሁሉ አዲሱ ቱቦ ውስጥ ይገባል። ማኒኮቶዎቹ ሲጨመቁ ከደረቁ ወይም ከላሸቁ ከነፋሼታቸው (ከማሰሪያ ቀለበታቸው) ጋር ይቀየሩ። ከሥር ያሉት ጎሚኒዎች እንዳይረሱ፤ ያለ እነሱ የኮብልስቶኑ ንዝረት በቀጥታ ታንኩ ላይ ያርፋል። ማፍሰሻው በእጅ ኃይል ብቻ ይጠበቅ። ቴርሞስታቱ ሲገባ ትንሿ ተንቀሳቃሽ ፒን ወደ ላይ ትሁን፤ አየር የሚያልፈው በእሷ ነው።

ወፍራም (ያልተቀላቀለ) ኩላንት ከሆነ እኩል በእኩል ከተጣራ ውሃ ጋር ይቀላቀላል፤ የቶዮታው ሮዝ ግን አስቀድሞ ስለተቀላቀለ ውሃ አይጨመርበትም። የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ቱቦው ውስጥ ድንጋይ ይሠራል። የተጣራ ውሃ ሲገዙ ጠርሙሱን ያንብቡ፤ «የባትሪ ውሃ» ተብሎ አሲድ ሊሰጥዎት ይችላል።

እነዚህ ሞተሮች በጠቅላላው ከ4 እስከ 6 ሊትር አካባቢ ይይዛሉ። ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርገው በቀስታ ይሙሉ፣ የላዩን ማኒኮቶ ደጋግመው ይጭመቁ፣ ሞተሩን ክዳኑ እንደተከፈተ ያስነሱና ውሃው በወረደ ቁጥር ይጨምሩ። ማኒኮቶው ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል፤ ክዳኑን ይዝጉና ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነስቶ እስኪያቆም ይጠብቁ። አውቶማቲክ ከሆነች የካምቢዮውን ዘይት ይለኩ። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ክዳኑን ከፍተው የጎደለውን ይሙሉ፤ የትርፍ ታንኩ ውሃ በሎው እና በፉል መስመር መካከል ይሁን። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ፋሼታዎቹን አንድ ጊዜ ያጥብቁ። የተገጠመበትን ቀን ታንኩ ላይ በማርከር ይጻፉ፤ የቶዮታው ቀይ ኩላንት (ከሮዙ የተለየው) በየ2 ዓመቱ ወይም በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል።