የእናታችሁን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ሰው «እናቴን ላመጣ ነው» ብሎ ደወለልኝ። ሦስቱም ትኬት የሚረክስበትን ወር ጠየቁኝ፤ ስለ ኢንሹራንስ ያነሳ አንድም የለም። ስለዚህ አሜሪካ ላላችሁ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ለወላጅ ማመልከት የሚችለው ዜግነት ያገኘና 21 ዓመት የሞላው ልጅ ብቻ ነው። በግሪን ካርድ ለሚስት ይሞላል፣ ለእናት አይሞላም። የማመልከቻው ፎርም፣ አይ-130፣ ለእናትም ለአባትም ለየብቻ ነው። እናታችሁ ጋር ያለው ታናሽ ወንድማችሁ በእሷ ፋይል አብሮ አይመጣም። ይህን ቃለ መጠይቁ ሲደርስ የሚሰሙ አሉ፤ ፎርሙን ለማያነብ አስሞይ ገንዘብ ከፍለው!

የልደት ቀን ላይ ተጠንቀቁ። ከእኛ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲዞር ልዩነቱ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ነው። በፓስፖርቱ አንድ፣ በቀበሌው ወረቀት ሌላ ከሆነ እዚያው አገር ቤት አስተካክሉ። ለአባት የምታመለክቱ የወላጆቻችሁን የጋብቻ ማስረጃም አዘጋጁ። ሰነዱ ካላሳመናቸው ዲኤንኤ ይጠይቃሉ።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ከመጣች በኋላ ያለው ነው። እናቴ የገባችው ጁን መጀመሪያ ላይ ነበር። «ግሪን ካርዷ ይምጣና ኢንሹራንስ አስገባታለሁ» ብዬ ተቀመጥኩ። ጁን አለቀ፣ ጁላይ አለቀ፣ ካርድ የለም። ለካ በኦንላይን የሚከፈለውን የኢሚግሬሽን ክፍያ አልከፈልኩም፤ ዛሬ 235 ዶላር ነው፣ እሱ ካልተከፈለ ካርዱ አይላክም። ይባስ ብሎ ካርዱን መጠበቅም አያስፈልገኝም ነበር። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ቪዛ ኤርፖርት ማኅተም ከተመታበት በኋላ ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። ኦባማኬር የምንለውን የጤና ኢንሹራንስ ለመግዛት የሚሰጠው ጊዜ ደግሞ ከገባችበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው። እኔ የደወልኩት በ71ኛው ቀን ነው። ቀጣዩ ምዝገባ ኖቬምበር 1 ይከፈታል፣ ሽፋኑ ጃንዋሪ ይጀምራል አሉኝ። ለመንኩ፣ አስረዳሁ፤ የሰማኝ የለም።

ኦክቶበር ላይ ደረጃ ስትወርድ ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ከኦፕሬሽኑ በኋላ የመጣው ቢል ከዓመት ደሞዜ በለጠ። እናቴ ቁጥሩን አስነብባኝ «ምነው እዚያው በሞትኩ» አለች። ይህን ቃል ከእናታችሁ አፍ እንዳትሰሙ ብዬ ነው የምጨቀጭቃችሁ። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ካለ በክሬዲት ካርድ ለመክፈል አይቸኩል። ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆስፒታል በሕግ የክፍያ እርዳታ ደንብ ሊኖረው ግድ ነው፤ ማመልከቻውን ጠይቁ። እኔ ሰባት ወር ተመላልሼ አብዛኛውን አስቀንሻለሁ።

«65 ሞልቷታል፣ ሜዲኬር ታገኛለች» የሚላችሁን አትስሙ። ሜዲኬር የአረጋውያን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ነው፤ ግን አዲስ የመጣች እናት 5 ዓመት ሳታቋርጥ መኖር አለባት፤ ከዚያም እዚህ ሠርታ ስለማታውቅ ትከፍላለች፣ ፓርት ኤ የሚባለው የሆስፒታል ሽፋን ብቻውን በወር ከ500 ዶላር በላይ ነው። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው ሜዲኬይድም በብዙ ስቴት 5 ዓመት ያስጠብቃል። የምትፈርሙት የድጋፍ ፎርም፣ አይ-864፣ እንዲያው ፊርማ አይደለም። ገቢያችሁ ከድህነት መስመሩ 125 በመቶ መድረስ አለበት፣ እሷን የመደገፍ ግዴታችሁም ዜጋ እስክትሆን ሊቆይ ይችላል።

ለተዝካርም ለሠርግም አገር ቤት ስትሄድ ከዓመት በላይ የምትቆይ ከሆነ፣ የመመለሻ ፈቃዱ የሚጠየቀው እሷ እዚህ እያለች ነው። ከሄደች በኋላ አትደውሉልኝ።

አሁን የራሴን ሐሳብ ልናገር። ልጅ ለማስጠበቅ ብቻ እናቱን የሚያመጣ ሰው አይገባኝም። ዕድሜ ልኳን ከጎረቤት ጋር ቡና የጠጣች ሴት፣ ቋንቋውን በማታውቅበት አገር ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ከሕፃን ጋር ቀኑን ሙሉ ተቆልፎባት ትውላለች። እናቴ በመጀመሪያው ክረምት ጀበናዋን ከካርቶን አላወጣችም፤ «ለማን ላፍላ?» ትለኝ ነበር። ቤት ስትፈልጉ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ በእግሯ፣ ቢበዛ በአንድ አውቶቡስ የሚደረስ ይሁን። ይህ ካልተገኘ እዚያው ሰው ቀጥሮላት፣ በዓመት አንዴ ሄዶ መጠየቅ ይሻላታል ባይ ነኝ። ደግሞም ከሁሉ በፊት እሷን ጠይቋት፤ እኔ ትኬቱን ከቆረጥኩ በኋላ ነው የጠየቅኳት።