አየር ላይ የተገኘ ፒሲቢ ከየት እንደመጣ እንዴት ይታወቃል?

ፒሲቢ (PCB) ክሎሪን ያለበት ሰው ሠራሽ ኬሚካል ነው፤ ድሮ በትራንስፎርመር ዘይት፣ በካፓሲተርና በሕንፃ መገጣጠሚያ ማሸጊያ ውስጥ በብዛት ይገባ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1979 ማምረቱን ከለከለች። እንዲህ ያሉ በቀላሉ የማይጠፉ መርዛማ ኬሚካሎችን ለማስወገድ የተደረገው፣ ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የስቶክሆልም ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2001 ጸደቀ። አሮጌው ዕቃ ግን ዛሬም በየቦታው አለ፤ ሲሞቅ ፒሲቢው እየተነነ አየር ውስጥ ይገባል። ይህ ኬሚካል ካንሰር ያመጣል፣ ሰውነት ስብ ውስጥም ይጠራቀማል። ስለዚህ ምንጩ እስኪገኝ መፈለግ አለበት።

መጀመሪያ ካርታ ያውጡ። አሮጌ ትራንስፎርመር የተከማቸበትን ግቢ፣ የቁራሌ ዕቃ መደርደሪያውን፣ ቆሻሻ የሚቃጠልበትን ቦታ ሁሉ ምልክት ያድርጉበት።

ናሙና ለመሰብሰብ ውድ ፓምፕ የግድ አይደለም። 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ የፖሊዩሬቴን ስፖንጅ በሁለት የብረት ጎድጓዳ ሳህኖች መካከል ይንጠለጠላል። ዝናብና ፀሐይ አይነካውም፤ አየር ግን ያልፍበታል። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወር ይቆያል። ለእንዲህ ዓይነት ፍለጋ ከአንድ ፓምፕ ይልቅ በርካታ ስፖንጅ እመርጣለሁ፤ ምንጭ የሚገኘው ቦታን ከቦታ በማወዳደር ነውና።

ሁሉንም ከተጠርጣሪው ግቢ አጠገብ አይስቀሉ። ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል፣ ከሚሄድበት በኩል፣ ደግሞም ራቅ ያለ ቦታ ላይ ያድርጉ። አሮጌ ሕንፃ መስኮት ላይ አይስቀሉ፤ ማሸጊያው ራሱ ፒሲቢ ሊኖረው ይችላል። አንድ ስፖንጅ ደግሞ አብሮ ሄዶ፣ ተከፍቶ፣ ወዲያው ታሽጎ ይመለስ። እሱ ላይ ፒሲቢ በብዛት ከተገኘ የሌሎቹን ውጤት ማመን ያስቸግራል።

ስፖንጆቹ ላብራቶሪ ተመርምረው ውጤቱ ሲመጣ ዋናው ፈተና ይጀምራል። ፒሲቢ አንድ ነገር ሳይሆን 209 ዓይነት ነው። ክሎሪን የበዛበት ከባድ ነው፤ በቀላሉ አይተንም። ቀላሉ ግን ቶሎ ተንኖ ርቆ ይሄዳል። አንድ ስፖንጅ ላይ ከባዶቹ በዝተው፣ ቀጥሎ ባለው ላይ ድንገት ከቀነሱ፣ ምንጩ ቅርብ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የላብራቶሪውን የአየር ውጤት ወስዶ ከዘይቱ ይዘት ጋር በቀጥታ ያወዳድራል። አይመሳሰሉም፤ «ይሄማ የኛ ዘይት አይደለም» ተብሎ እውነተኛው ምንጭ ነፃ ይወጣል። ለምሳሌ አሮክሎር 1260 የሚባለው ለገበያ ይቀርብ የነበረ የፒሲቢ ድብልቅ ከክብደቱ 60 በመቶው ክሎሪን ነው። ከሱ የሚወጣው ትነት ግን ሁልጊዜ ከዘይቱ ይልቅ ቀላል ዓይነቶች ይበዙበታል። ስለዚህ ዘይቱ ውስጥ ያለውን የእያንዳንዱን ዓይነት ድርሻ በትነት ግፊቱ (ምን ያህል በቀላሉ እንደሚተን በሚያሳየው ቁጥር) አባዙ፤ ከዚያ በኋላ አወዳድሩ። ይህን ስሌት የማይሠራ ላብራቶሪ ካጋጠማችሁ ቁጥሮቹን ተቀብላችሁ ራሳችሁ ሥሩት።

ከ209ኙ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ፒሲቢ-11 ብቻውን ጎልቶ ከወጣ ትራንስፎርመሩን ተዉት። እሱ በብዛት የሚመጣው ከቢጫ ቀለም ምርት ነው፤ ቀለምና ማተሚያ ቤት አካባቢ ፈልጉ።

የሞቃት ወር ውጤት ከቀዝቃዛ ወር ጋር አይነጻጸርም። ሙቀት ብቻውን ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

በመጨረሻ ከተጠርጣሪው ቦታ ሥር አፈር ይወሰድ። ትራንስፎርመር በፍጹም ራሳችሁ አትክፈቱ፤ ዘይቱን የባለንብረቱ ባለሙያ ይቅዳ። በእጅ የሚሠራው ፈጣን መመርመሪያ ክሎሪንን እንጂ ፒሲቢን ለይቶ አያይም። «አለ» ካለ ወደ ላብራቶሪ ላኩት። የስቶክሆልም ስምምነት የያዘው የፒሲቢ መጠን ወሰን በኪሎ 50 ሚሊ ግራም ነው።