ፓኖራማ ስታነሱ ካሜራውን በቁመቱ ያዙት

ከእንጦጦ ላይ ሆናችሁ፣ ጎን ለጎን ያነሳችኋቸውን ፎቶዎች ገጣጥማችሁ (ፓኖራማ ማለት ይኸው ነው) አዲስ አበባን በአንድ ሰፊ ፎቶ ማስገባት ለምትፈልጉ ይቺን ልንገራችሁ። ካሜራውን አግድም ሳይሆን በቁመቱ ያዙት። የፎቶው ብዛት ይጨምራል፤ ግን ሰማዩም ከታች ያለው ባሕር ዛፍም አይቆረጥም።

ዋናው ነገር ብርሃኑ ነው። ካሜራው አውቶ ላይ ከሆነ ፀሐይ ወዳለችበት ስትዞሩ ያጨልማል፣ ወደ ጥላው ስትመለሱ ያፈካል። ስትገጣጥሙት ሰማዩ እንደ ነጠላ ጥለት መስመር መስመር ይሠራል። ስለዚህ ማንዋል ላይ አድርጉት፤ ብርሃኑን እናንተው ትወስናላችሁ። ለምሳሌ ኤፍ 8 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ አይኤስኦ 100 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፤ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ደግሞ በጣም ደማቁን ቦታ አይታችሁ ወስኑ። ከዚያ በቃ፣ አትንኩት። ዋይት ባላንሱም (የቀለም ማስተካከያው) ፎከሱም አይቀያየሩ። ፖላራይዘር (ሌንስ ላይ የሚገጠም የብርሃን ማጣሪያ) ካለ አውልቁት፤ ሰማዩን ግማሹን ጥቁር ሰማያዊ፣ ግማሹን ነጣ ያደርገዋል።

እያንዳንዱ ፎቶ የቀደመውን ሲሶ ይደርብ። አጠገባችሁ ያለ አጥር ወይም ቅርንጫፍ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ ሲገጣጠም ተሰብሮ የሚታየው እሱ ነው። እኔ ከመጀመሬ በፊትና ስጨርስ መዳፌን ፎቶ አነሳለሁ። ማታ ኮምፒውተር ላይ የትኛው ከየት እንደሚጀምር ወዲያው ይታየኛል። ለመገጣጠም ሁጊን የሚባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ ይበቃል።

ሁለት ምስል አንድ ፍሬም ላይ ለምትደርቡ ደግሞ፦ ካሜራችሁ ብርሃኑን የሚደምር ከሆነ እያንዳንዱን በአንድ ስቶፕ (ብርሃኑን በግማሽ ቀንሳችሁ) አጨልሙ። ሁለተኛው ምስል ጎልቶ የሚወጣው የመጀመሪያው ጨለማ ቦታ ላይ ነው።