ለድሬ ልጅ የራሱን ቤተሰብ የሚያይበት የሥዕል መጽሐፍ እንዴት ይሠራል?

እናቱ ጎንደሬ፣ አባቱ ግማሽ ሶማሌ ግማሽ የመን የሆነ ልጅ ድሬዳዋ ውስጥ ብርቅ አይደለም። ከተማዋ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ሀዲዱን ተከትሎ የመኑም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ህንዱም መጣ፤ ከአገሬው ጋር ተጎራበተ፣ ተዋለደ። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ያለበት የልጆች መጽሐፍ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ቤት ውስጥ እንሥራው።

መጀመሪያ ታሪኩን ምረጡ። «መልካችን ቢለያይም አንድ ነን» የሚል ስብከት አትጻፉ። ልጅ ሲሰብኩት ይሰለቸዋል። አንድ ቀን ብቻ ያዙ፦ ልጅቷ ከፊራ ገበያ ውስጥ አንድ እግር ጫማዋን ጣለች፤ ቤተሰቡ በሙሉ ፍለጋ ወጣ። አዬዮ (ሶማሌዋ አያት) በድሪያቸው ዘንቢሉን ሲገለብጡ፣ እማማ ነጠላቸውን አገልድመው ከቲማቲሙ ሥር ሲያዩ፣ አባት ባጃጅ አስቁሞ ሲጠይቅ ሳሉ። ማን ከየት እንደመጣ ሳይነገረው ልጁ ያየዋል።

አራት ኤፎር ወረቀት ደርባችሁ መሃል ለመሃል እጠፉ። 16 ገጽ ይሆናል። በየገጹ ከሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር በላይ አትጻፉ።

አሁን ወደ ቀለሙ። እኔ ዋናው ሥራ እዚህ ነው ባይ ነኝ። ሁሉንም ሰው በአንድ ቡኒ እርሳስ ቀብቶ ማለፍ ልጁን መካድ ነው፤ የአባቱና የእናቱ እጅ እንደሚለያይ እሱም ያውቃል። እያንዳንዱን ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡና እጁን እያያችሁ በሌላ ወረቀት ላይ ሞክሩ። ለቀይ ዳማ መጀመሪያ ብርቱካናማውን ሳሳ አድርጉ፣ ከዚያ ቡኒ ደርቡበት። ለጠይም ቡኒውን ሁለት ጊዜ መልሱት። ለጥቁር ሰው ጥቁር እርሳስ አትጠቀሙ፤ ፊቱን ያጠፋዋል። ቡኒው ላይ ጥቁር ሰማያዊ ሳሳ አድርጉበት፤ ቆዳው ሕይወት ይዘራል። ልጁ የራሱን ቀለም ራሱ ይምረጥ። ፀጉርም እንደዚያው ነው፦ የተጠቀለለውን ጠቅልላችሁ፣ ዞማውን ዘርግታችሁ ሳሉ።

ከሰዎቹ ጀርባ ሰፈሩን አስገቡ፤ የከዚራ ሰፈርን ዛፎች፣ የደቻቱ ወንዝን አሸዋ። ፊት መሳል ካስቸገራችሁ የቤተሰብ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ጭንቅላቱን ቆርጣችሁ ለጥፉ፣ አካሉን ብቻ ሳሉ።

መስፋቱ ቀላል ነው። ወፈር ያለ ወረቀት ልባስ አድርጉና እጥፋቱ ላይ ሦስት ቦታ ብሱ። መርፌውን ከውስጥ በመሃሉ አውጡ፣ በላይኛው አስገቡ፣ በውስጥ በኩል ወርዳችሁ በታችኛው አውጡ፣ በመሃሉ መልሱ። ሁለቱን የክር ጫፎች ቋጥሩ። ስቴፕለር ግን ይቅርባችሁ፤ ሽቦው የሕፃን ጣት ይወጋል።

ከመስፋታችሁ በፊት ገጾቹን በስልክ አንሷቸው። ጅቡቲ ያለችው አክስትም አትማ ለልጆቿ ትሰፋላቸዋለች።