በአነስተኛ ወጪ በርካታ የአውሮፓ አገሮችን በባቡር ለመጎብኘት ጉዞን እንዴት ማቀድ ይቻላል

በአንድ ፉርጎ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከፍራንክፈርት ወደ በርሊን ከሚጓዙ ሁለት ሰዎች አንዱ ለትኬቱ 30 ዩሮ ገደማ፣ ሌላው ከ100 ዩሮ በላይ ከፍሎ ሊሆን ይችላል። ይህን ልዩነት የሚፈጥረው ትኬቱ የተቆረጠበት ቀን ነው፤ አብዛኞቹ የአውሮፓ የረጅም ርቀት ባቡሮች እንደ አውሮፕላን ሁሉ ቀደም ብሎ ለገዛ ርካሽ፣ በመጨረሻ ሰዓት ለመጣ ውድ ናቸው። በዚህ ምክንያት የተለመደው ምክር «ቶሎ ቁረጥ» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ቢሆንም ቪዛ ጠይቆ መልስ ለሚጠብቅ ተጓዥ ግማሽ ምክር ነው፤ ርካሹ ትኬት ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ የማይመለስ በመሆኑ፣ ቪዛው ቢዘገይ ወይም ቢከለከል ተቆጠበ የተባለው ገንዘብ በሙሉ ይጠፋል። ከዚህ በታች የቀረበው ቅደም ተከተል ይህን ችግር ከግምት ያስገባ ሲሆን፣ ለምሳሌነት ከፍራንክፈርት ተነስቶ በበርሊን፣ በፕራግ፣ በቪየና እና በቬኒስ አልፎ ሮም ላይ የሚያበቃ የ14 ሌሊት ጉዞ እንወስዳለን። ዓመተ ምሕረቱና ወራቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ቪዛውን ያስተካክሉ

ካርታ ከመዘርጋትዎ በፊት በምን ሰነድ እንደሚጓዙ ይለዩ፤ የጉዞው ቅርጽ የሚወሰነው በዚህ ነውና። የሼንገን ክልል በአንድ ቪዛ የሚዘዋወሩባቸውን 29 የአውሮፓ አገሮች የሚያጠቃልል ሲሆን፣ የአጭር ጊዜ ቪዛው በማናቸውም 180 ቀናት ውስጥ ቢበዛ ለ90 ቀናት መቆየት ያስችላል። ከሰኔ 2024 ጀምሮ ለአዋቂ የሚከፈለው የማመልከቻ ክፍያ 90 ዩሮ ሲሆን፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድንም ያስፈልጋል። ማመልከቻው የሚቀርበው ብዙ ሌሊት ለሚያድሩበት አገር ነው፤ ሌሊቶቹ እኩል ከሆኑ ግን መጀመሪያ ለሚገቡበት አገር ይቀርባል። በምሳሌያችን ጀርመን 5፣ ቼክ 3፣ ኦስትሪያ 2፣ ጣሊያን 3 ሌሊት ሲደርሳቸው አንዱ ሌሊት ባቡር ላይ ስለሚያልፍ፣ ማመልከቻው ለጀርመን ይቀርባል ማለት ነው።

ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዢዎች ተጨማሪ ጉዳይ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2024 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት፣ ለኢትዮጵያውያን ማመልከቻ መደበኛው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ እንዲል፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ተደርጓል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው ከሼንገን ክልል ከወጣ ተመልሶ ሊገባበት አይችልም፤ ስለዚህ «መሀል ላይ ለንደን ደርሼ ልምጣ» ወይም «ቤልግሬድ ቅርብ ናት» የሚለው ሐሳብ ከዕቅዱ ውስጥ ከመነሻው መውጣት ይኖርበታል። የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ተጓዥ ለዚህ ጉዞ ቪዛ ባያስፈልገውም የ90 ቀኑ ገደብ ይመለከተዋል። በአንዱ የሼንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ደግሞ ፈቃዱንና ፓስፖርቱን ይዞ በሌሎቹ አገሮች መጓዝ ይችላል። ሁለቱንም ሰነዶች በእጅ መያዝ ግዴታ መሆኑን ግን አይዘንጉ፤ ጀርመን ከመስከረም 2024 ጀምሮ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ፍተሻ ስላደረገች፣ ባቡር ላይ ፖሊስ ገብቶ መታወቂያ መጠየቁ የተለመደ ሆኗል።

የጊዜ ስሌቱ እንዲህ ነው። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። ከአምስት ወር በፊት ያመለከተ ሰው የቀጠሮ ወረፋና የ45 ቀኑ ጥበቃ ካለፈ በኋላ፣ ከመነሻው ቀን ሁለት ተኩል ወይም ሦስት ወር ሲቀረው መልሱን ያገኛል፤ ይህ ደግሞ ርካሾቹ ትኬቶች ገና ያላለቁበት ጊዜ ነው። ከጉዞው ሁለት ወር በፊት የሚያመለክት ሰው ግን ወይ ቪዛውን ሳያውቅ ትኬት ይገዛል፣ ወይ ቪዛውን ይዞ ውድ ትኬት ይከፍላል።

መስመሩን ሲነድፉ

ለጀማሪ ትልቁ ወጪ ቆጣቢ ውሳኔ በአንድ ከተማ ገብቶ በሌላ ከተማ መውጣት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ፍራንክፈርትም ወደ ሮምም ስለሚበር፣ መሄጃውን በአንዱ፣ መመለሻውን በሌላው አድርጎ በአንድ ትኬት መግዛት ወደ መነሻው ለመመለስ የሚያስፈልገውን የአንድ ሙሉ ቀን ባቡርና ገንዘብ ያስቀራል።

ከዚያ በኋላ በሁለት ተከታታይ ከተሞች መካከል ያለው የቀን ጉዞ ከአምስት ሰዓት እንዳይበልጥ ያድርጉ። ከፍራንክፈርት በርሊን አራት ሰዓት ገደማ፣ ከበርሊን ፕራግ ከአራት ሰዓት ትንሽ በላይ፣ ከፕራግ ቪየና አራት ሰዓት፣ ከቬኒስ ሮም በፈጣን ባቡር አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከበርሊን ወደ ፕራግ ሲሄዱ በግራ በኩል ይቀመጡ፤ ባቡሩ ከድሬስደን በኋላ የኤልበን ወንዝ ተከትሎ በገደሎች መካከል ያልፋል፣ እኔ እንደሚመስለኝ በዚህ መስመር ላይ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚገኝ ምርጡ ነገር እሱ ነው።

አገር ለመቁጠር ሲባል ከተማ መጨመር ብዙ ያስወጣል። እያንዳንዱ አዲስ ከተማ ትኬት ብቻ ሳይሆን የዕቃ ማስቀመጫ፣ የከተማ ትራንስፖርትና በመንገድ የሚባክን ግማሽ ቀን ይዞ ይመጣል። አምስተኛ አገር ማየት የግድ ከሆነ ከቪየና አንድ ሰዓት ገደማ ወደምትርቀው ብራቲስላቫ ደርሶ መልስ መሄድ ይበቃል፤ ማደሪያ ሳይቀይሩ ስሎቫኪያን ያያሉ።

የጉዞ ሰዓቶችን ለማወቅ የጀርመን ባቡር ድርጅት የዶይቸ ባን ድረ ገጽ ምቹ ነው፤ የጎረቤት አገሮችንም ባቡሮች አብዛኞቹን ያሳያል። ዓመታዊው የባቡር ሰሌዳ በታኅሣሥ ወር አጋማሽ ገደማ ስለሚቀየር ካለፈው ዓመት የተገኘ መረጃን አይመኑ። የከተሞቹን ስም በየአገሩ አጠራር መያዝም ያስፈልጋል፦ ቪየና «ቪን»፣ ፕራግ «ፕራሃ»፣ ቬኒስ «ቬኔዚያ» ተብለው ነው የሚጻፉት። ጣሊያን ሲደርሱ ግን «ፌርማታ» የሚለውን ቃል በድምፅ ማጉያ ሲሰሙ አገርዎ ያሉ ሊመስልዎ ይችላል።

ሰዓቱንም ይጠንቀቁ። በትኬቱ ላይ 19:20 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1:20 ሲሆን፣ 07:20 ደግሞ ከጠዋቱ 1:20 ነው፤ በሁለቱ መካከል መሳሳት አንድ ትኬት ያስከፍላል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ የሚነሳ ባቡር ቀኑ የሚቀጥለው ቀን ስለሆነ፣ ማክሰኞ 00:10 የሚል ትኬት ያለው ሰው ጣቢያው መድረስ ያለበት ሰኞ ማታ ነው።

የጉዞ ፓስ ወይስ ነጠላ ትኬት

ፓስ ማለት በአንድ ክፍያ ለተወሰኑ የጉዞ ቀናት በብዙ ባቡሮች የሚያሳፍር ትኬት ነው። ዩሬይል የሚባለው ፓስ ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖሩ፣ ኢንተርሬይል የሚባለው ደግሞ በአውሮፓ ለሚኖሩ የተዘጋጀ ሲሆን ሁለቱም በ33 አገሮች ያገለግላሉ። መለያው ዜግነት ሳይሆን መኖሪያ ነው፤ በስቶክሆልም የሚኖር ኢትዮጵያዊ ኢንተርሬይል፣ በዋሽንግተን የሚኖረው ደግሞ ዩሬይል ይገዛል። ፓሱ በአንድ ወር ውስጥ 4፣ 5 ወይም 7 የጉዞ ቀናት፣ በሁለት ወር ውስጥ 10 ወይም 15 የጉዞ ቀናት እያለ ይሸጣል። እስከ 27 ዓመት ላሉ ወጣቶች 25 በመቶ፣ 60 ዓመት ለሞላቸው 10 በመቶ ቅናሽ አለው፤ ከ4 እስከ 11 ዓመት ያሉ እስከ ሁለት ልጆች ከአንድ አዋቂ ጋር በነፃ ይጓዛሉ።

ብዙ ሰው ፓሱን እንደ ጥርጥር የለሽ ቁጠባ ያየዋል፤ በወረቀት ላይ ሲደመር ግን ሁልጊዜ እንዲያ አይደለም። በምሳሌያችን ቀድሞ ለሚገዛ ሰው ይህን ያህል መመደብ ምክንያታዊ ነው፦ ፍራንክፈርት–በርሊን 30 ዩሮ፣ በርሊን–ፕራግ 30፣ ፕራግ–ቪየና 20፣ ቪየና–ቬኒስ በሌሊት ባቡር አልጋ 80፣ ቬኒስ–ሮም 40፣ በድምሩ 200 ዩሮ። አምስት የጉዞ ቀን ያለው የአዋቂ ሁለተኛ ማዕረግ ፓስ ብቻውን ከ300 ዩሮ ያልፋል፤ በዚያ ላይ ለሌሊቱ ባቡር አልጋና ለጣሊያን ፈጣን ባቡር መቀመጫ ማስያዣ ለየብቻ ይከፈላል። ስለዚህ ለዚህ መስመር ነጠላ ትኬት ይሻላል። ፓሱ የሚያዋጣው ቀኑን አስቀድሞ መወሰን ለማይችል፣ በየሁለት ቀኑ ረጅም ርቀት ለሚጓዝ፣ ወይም ልጆች ይዞ ለሚሄድ ሰው ነው። ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ስዊዘርላንድና ቤልጂግ ውስጥ በአብዛኞቹ ባቡሮች ማስያዣ ግዴታ ስላልሆነ ፓስ ምቹ ይሆናል፤ በፈረንሳይ፣ በስፔንና በጣሊያን ፈጣን ባቡሮች ግን የግዴታ ማስያዣው የፓሱን ጥቅም ይሸረሽረዋል። ቪዛ ለሚጠብቅ ሰው ፓስ አንድ ብልጫ አለው፦ በልዩ ቅናሽ ያልተሸጠ ፓስ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ቢመለስ አብዛኛው ገንዘብ ይመለሳል።

ምን ቀድሞ ይገዛ

ቪዛው እስኪወጣ ድረስ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ማደሪያ ብቻ ያስይዙ፤ የባቡሩን ዕቅድ ደግሞ ቀንና ሰዓቱን ጠቅሰው በወረቀት ላይ ያስፍሩት። ቪዛው እንደደረሰ መጀመሪያ የሚገዛው የሌሊቱ ባቡር ነው፤ የኦስትሪያው ድርጅት ኦቤቤ የሚያሠራቸው ናይትጄት ባቡሮች አልጋቸው ውስን ስለሆነ በበጋ በፍጥነት ይሞላሉ። ቀጥሎ የጀርመኑ ፈጣን ባቡር ይገዛል፤ «ሱፐር ሽፓርፕራይስ» የሚባለው በጣም ርካሹ ትኬት አይሰረዝም፣ ለተጻፈበት ባቡርም ብቻ ያገለግላል። በርሊን–ፕራግን በጀርመኑም በቼኩም የባቡር ድርጅት ድረ ገጽ ያወዳድሩ፤ የቼኩ ዋጋ ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። በፕራግ–ቪየና መስመር ሬጂዮጄት የሚባል የግል ድርጅት ከመንግሥት ባቡሮች ጋር ስለሚወዳደር ዋጋው እምብዛም አይንርም። የጣሊያን የአካባቢ ባቡሮች ደግሞ ዋጋቸው ቋሚ ስለሆነ የጉዞው ዕለት መግዛት ይቻላል፤ የወረቀት ትኬት ከሆነ ግን ከመሳፈርዎ በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን ያስመቱት፣ አለበለዚያ ተቆጣጣሪው ይቀጣል።

በሌሊት ባቡር ላይ በመቀመጫ ማደር ርካሽ ቢሆንም አልመክረውም፤ ማግስቱን በእንቅልፍ የሚያጠፋ ሰው የቆጠበው ነገር የለም። ተደራራቢ አልጋ ያለው የጋራ ክፍል ዋጋው የአንድ ሌሊት ማደሪያንም ስለሚተካ ስሌቱ ሚዛናዊ ይሆናል፣ ቀለል ያለ ቁርስም ይጨምራል። የቬኒስን ትኬት ሲገዙ መድረሻው በደሴቲቱ ላይ ያለው «ሳንታ ሉቺያ» ጣቢያ መሆኑን ያረጋግጡ፤ «ሜስትሬ» ከደሴቲቱ ማዶ በየብስ ላይ ያለው ጣቢያ ነው፤ ርካሽ ማደሪያ የሚገኘው ግን በዚያው በሜስትሬ ነው።

ባቡር ሲዘገይ

የጀርመን ባቡር ሰዓት አክባሪ ነው የሚለው ዝና አርጅቷል፤ በ2024 በሰዓቱ የደረሱት የረጅም ርቀት ባቡሮች 62.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለሆነም ባቡር መቀየር ካለብዎ ቢያንስ አንድ ሰዓት ክፍተት ይተዉ፣ የሌሊቱንም ባቡር አስቀድመው በገቡበት ከተማ እንጂ ከሌላ ከተማ በዕለቱ እየደረሱ አይሳፈሩበት። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት ከ60 እስከ 119 ደቂቃ ለዘገየ ጉዞ የትኬቱ 25 በመቶ፣ ከ120 ደቂቃ ጀምሮ 50 በመቶ ካሣ ይጠየቃል። ሆኖም ሁለት ለየብቻ የተገዙ ትኬቶች ካሉዎ በመጀመሪያው መዘግየት ሁለተኛው ባቡር ቢያመልጥዎ ኃላፊነቱ የራስዎ ይሆናል፤ በአንድ ግዢ እንደ አንድ ትኬት የተቆረጠ ከሆነ ግን ድርጅቱ በሌላ ባቡር ሊያደርስዎ ይገደዳል። ትንሽ ውድ ቢሆንም አንዱን ትኬት የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የዕለት ወጪ

ምግብን በተመለከተ በጀርመንና በኦስትሪያ እሑድ ሱቅ ስለሚዘጋ ቅዳሜ ይግዙ፤ በትልልቅ ባቡር ጣቢያዎች ውስጥ ያሉት ሱፐርማርኬቶች ግን እሑድም ይከፈታሉ። በጾም ወቅት የሚጓዝ ሰው «ቪጋን» የሚል ምልክት ያለበትን ቢመርጥ ብዙም አይቸገርም። በቼክ የሚሠራው ገንዘብ ኮሩና በመሆኑ በካርድ ሲከፍሉ ማሽኑ «በዩሮ ወይስ በአገሩ ገንዘብ» ብሎ ከጠየቀዎ በአገሩ ገንዘብ የሚለውን ይምረጡ፤ ሌላው የምንዛሪ ትርፍ ያስከፍላል። ማደሪያው ጣቢያ አጠገብ ከሆነ ለታክሲ የሚወጣው ይቀራል፤ ሻንጣውም ደረጃ ላይ ብቻዎን ሊሸከሙት የሚችሉት መሆን አለበት።

በመጨረሻው ቀን ከሮማ ተርሚኒ ጣቢያ ወደ ፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ሳይቆም የሚሄደው ሌዮናርዶ ኤክስፕረስ በ32 ደቂቃ ያደርሳል፣ ዋጋውም 14 ዩሮ ነው። ኤፍ ኤል 1 የሚባለው የአካባቢ ባቡር ግን ከትራስቴቬሬና ከቲቡርቲና ጣቢያዎች ተነስቶ በ8 ዩሮ ወደዚያው ይሄዳል፤ ማደሪያዎ ለትራስቴቬሬ የሚቀርብ ከሆነ ተርሚኒ ድረስ የሚሄዱበት ምክንያት የለም።