የኢዲፋክት፣ የኤክስኤምኤልና የጄሰን ፋይሎችን መጠን እንዴት እናወዳድር?

የምሠራው በዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ነው፤ ከደንበኞች ጋር ትዕዛዝና ደረሰኝ በሲስተም እንለዋወጣለን። ሰነዶቹ በኢዲፋክት (የንግድ ሰነድ በአጫጭር ኮድ የሚጻፍበት ዓለም አቀፍ ደረጃ)፣ በኤክስኤምኤል ወይም በጄሰን (ሁለቱም ከዳታው ጋር ስሙን የሚጽፉ የጽሑፍ ፎርማቶች) ሊጻፉ ይችላሉ። አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ፋይሉ የሚያንሰው በየትኛው ፎርማት ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ከዚያ አንዱ ሁለት ፋይል ይከፍትና መጠናቸውን አይቶ ይፈርዳል። እኔ ሁሌም እዚህ ላይ እከራከራለሁ።

ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ በአንዲት ዳታ እንይ። ገዢው 50 ፍሬ አዝዟል። በሲኤስቪ፣ ማለትም ዳታውን በኮማ ብቻ በሚለየው ተራ ፎርማት፣ ቁጥሩና የመለኪያው ኮድ ከነኮማቸው 7 ባይት ናቸው። በኢዲፋክት «የታዘዘ ብዛት» የሚለው ኮድ 21 ታክሎበት 14 ይሆናል። ጄሰን የመስኮቹን ስም ስለሚጽፍ 27 ይደርሳል። ለንግድ ሰነድ የተዘጋጀው ኤክስኤምኤል፣ ዩቢኤል፣ 46 ይወስዳል፤ ስሙን ሲከፍት አንዴ፣ ሲዘጋ ደግሞ አንዴ ይጽፈዋላ! ኢዲፋክት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ መስመሩ ቀርፋፋ በነበረበት ጊዜ ነው። ኤክስኤምኤል በ1998 ሲወጣ ግን ሰውም ከፍቶ እንዲያነበው ታስቦ ነበር።

ስታወዳድሩ መጀመሪያ ይዘቱን እኩል አድርጉ። አንዱ የሻጩን ሙሉ አድራሻ ይዞ ሌላው ኮዱን ብቻ ከያዘ የምትለኩት ሌላ ነገር ነው። ያንኑ ትዕዛዝ ባለ 1፣ ባለ 100 እና ባለ 1,000 መስመር አድርጋችሁ በየፎርማቱ አውጡ። ለምሳሌ አሜሪካኖች የሚጠቀሙበት የኢዲፋክት አቻ፣ ኤክስ12፣ የመክፈቻው ክፍል ብቻ ምንጊዜም 106 ፊደል ነው። ባለ አንድ መስመር ትዕዛዝ ላይ ይህ ይከብዳል፣ ባለ 1,000 ላይ ግን አይታይም።

ለዓይን እንዲያምር የገቡትን ክፍት ቦታዎችና ባዶ መስመሮች አጥፉ። ዊንዶውስ ላይ ስታዩ ደግሞ «ሳይዝ» የሚለውን እንጂ «ሳይዝ ኦን ዲስክ» የሚለውን አትውሰዱ። ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ በ4,096 ባይት ስለሚከፋፈል 900 ባይቱም 3,000 ባይቱም እኩል 4 ኪሎባይት ሊባሉ ይችላሉ።

አሁን ወደ አማርኛው። እኛን በጣም የሚመለከተን፣ በውጭ መመሪያዎች ግን የማላገኘው ይህ ነው። በዩቲኤፍ-8፣ ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት በተለመደው አሠራር፣ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «አዲስ አበባ» ከነክፍት ቦታው 19 ባይት ነው። ጄሰኑን በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ካወጣችሁት ግን፣ ካልነገራችሁት በስተቀር፣ እያንዳንዱን ፊደል ወደ ኮድ ቀይሮ 6 ባይት ያደርገዋል፤ ያው «አዲስ አበባ» 37 ይሆናል። «ኢንሹር አስኪ» (ensure_ascii) የሚለውን ቅንብር «ፎልስ» አድርጉት። የደንበኛ ስም፣ የዕቃ መግለጫና አድራሻ በአማርኛ የሞላበት ፋይል ላይ ይህን ሳያስተካክሉ «ጄሰን ይከብዳል» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከዚያ ሁሉንም በጂዚፕ (ፋይል በሚያሳንስ ፕሮግራም) ጨምቃችሁ እንደገና ለኩ። እኔ የምፈርደው በዚህኛው ቁጥር ነው። የኤክስኤምኤል ክብደት በአብዛኛው የተደጋገመ ስም ስለሆነ ሲጨመቅ ክፉኛ ይቀንሳል፣ ከኢዲፋክት ጋር ያለውም ርቀት ይጠብባል። ሁለት ነገር ብቻ አስታውሱ፦ ጂዚፕ የራሱን ቢያንስ 18 ባይት ስለሚጨምር በጣም ትንሽ ፋይል ጭራሽ ሊያድግ ይችላል። መጭመቅም ከኢንክሪፕሽን በፊት ነው፤ የተመሰጠረ ፋይል ብትጨምቁት ምንም አይቀንስም።

በመጨረሻ አባሪ እንዳለ እዩ። ኤክስኤምኤል ወይም ጄሰን ውስጥ ፒዲኤፍ ሲገባ በቤዝ64፣ ማለትም ማንኛውንም ፋይል በተራ የጽሑፍ ፊደላት በሚጽፍ ዘዴ፣ ይጻፋል፤ 3 ባይት የነበረው 4 ይሆናል። 300 ኪሎባይት የነበረው የደረሰኝ ፒዲኤፍ 400 ይደርሳል። ከዚህ ጎን የደረሰኙ ዳታ ራሱ ጥቂት ኪሎባይት ቢሆን ነው። ስለዚህ «ፋይሉ ከበደን፣ ፎርማት እንቀይር» የሚል ደንበኛ ሲመጣባችሁ መጀመሪያ አባሪውን አውጡና የቀረውን መዝኑ። ፒዲኤፉን ለብቻው መላክ ከተቻለ ፎርማቱን መንካት ላያስፈልግ ይችላል።