ለክሮንስ እና ለአልሰራቲቭ ኮላይትስ ቀዶ ሕክምና መዘጋጀት፦ ከምርመራው እስከ ከረጢቱ አለዋወጥ

ክሮንስና አልሰራቲቭ ኮላይትስ አንጀትን የሚያስቆጡ ሥር የሰደዱ በሽታዎች ናቸው። በእነዚህ የታመመ ሰው ስለ ቀዶ ሕክምና የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ነው። መድኃኒቱ ሁሉ ተሞክሮ፣ ክብደቱ ወርዶ፣ ደሙ አንሶ፣ ለወራት ስቴሮይድ ሲወስድ ከርሞ “ከእንግዲህ ኦፕራሲዮን ነው” ይባላል። በዚህ አቅም ላይ በድንገተኛ የሚሠራ ኦፕራሲዮን ስፌቱ የመፍታት፣ ሆድ ውስጥ መግል የመቋጠርና ደም የመርጋት አደጋው፣ ታስቦበትና ቀን ተቆርጦለት ከሚሠራው በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ ከቀዶ ሐኪም ጋር መነጋገር ያለብዎት ገና መድኃኒቱ እየተሞከረ ሳለ ነው። ተነጋገሩ ማለት ይቆረጣል ማለት አይደለም፤ መቆረጥ ካለበት ግን ተዘጋጅተው ይገባሉ።

በሽታው በእርግጥ የቱ ነው?

ሁለቱ በሽታዎች ቢመሳሰሉም ቀዶ ሕክምናቸው ለየቅል ነው። አልሰራቲቭ ኮላይትስ ከፊንጢጣ በላይ ካለው ሬክተም ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ የትልቁ አንጀት በሽታ ነው። ትልቁ አንጀትና ሬክተም ሙሉ በሙሉ ከወጡ የትልቁ አንጀት ሕመም ያበቃል። ክሮንስ ግን ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊነሳ ይችላል፤ የታመመው ቢቆረጥም በተለይ በስፌቱ ዙሪያ ይመለሳል። በክሮንስ ጊዜ የጥሩ ቀዶ ሐኪም መለኪያው ያተረፈው አንጀት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚታከም፣ ወይም እዚያ አድጎ በአሜሪካ፣ በአውሮፓም ሆነ በዓረብ አገር ለሚታከም ሰው፣ ከዚህ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ቲቢ ነው ወይስ ክሮንስ? የአንጀት ቲቢ የሚወደው ቦታ ክሮንስ የሚወደውን ነው፤ የትንሹ አንጀት መጨረሻ ከትልቁ ጋር የሚገናኝበትን። ሁለቱም ቁስለት ያመጣሉ፣ ሁለቱም አንጀት ያጠባሉ፣ ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይም ሊመሳሰል ይችላል። ቲቢን ክሮንስ ብሎ ስቴሮይድ ወይም ኢንፍሊክሲማብ (የሰውነትን መከላከያ የሚገታ መድኃኒት) መስጠት በሽታውን በመላ ሰውነት ሊበትነው ይችላል። በኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ በሚገባ ካሜራ አንጀቱ ሲታይ) ጊዜ ከቁስለቱ ጠርዝና መሐል ብዙ ናሙናዎች እንዲወሰዱ፣ ከፓቶሎጂው በተጨማሪ ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ጀርምን ዘረመል የሚፈልግ ምርመራ) እና ለቲቢ ካልቸር (ጀርሙን የማብቀል ምርመራ) እንዲላኩ፣ የደረት ራጅም እንዲነሳ ይጠይቁ። የጂን ኤክስፐርት ውጤት ኔጌቲቭ መሆኑ ብቻውን ቲቢን አያስቀርም። ውጭ አገር ያለ ሐኪም ይህ ላይታሰበው ስለሚችል የት እንዳደጉና ቤተሰብ ውስጥ ቲቢ ታክሞ ያውቅ እንደሆነ ራስዎ ያንሱለት።

በደም የተቀላቀለ ተቅማጥ ከሆነ ደግሞ አሜባ አለ። የአሜባ ቁስለት አልሰራቲቭ ኮላይትስን ይመስላል፤ በላዩ ስቴሮይድ ሲጨመርበት አንጀቱ ሊበሳ ይችላል። ስትሮንጊሎይድስ የተባለውም ትል በስቴሮይድ ጊዜ ተባዝቶ ሕይወት እስከማጥፋት ይደርሳል። የሰገራ ምርመራ ቀላል መስሎ ስለሚታይ የሚዘለለው እዚህ ላይ ነው።

የትኛው ኦፕራሲዮን፣ በማን እጅ?

*ክሮንስ።* የታመመው የትንሹ አንጀት መጨረሻ አጭር ከሆነ ቀዶ ሕክምና ቀድሞ ሊመጣ የሚችል አማራጭ ነው። በኔዘርላንድስ መሪነት ተካሂዶ በ2017 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) የታተመው ሊሪክ የተሰኘ ጥናት፣ የታመመው ክፍል ከ40 ሳንቲ ሜትር ያነሰና የተለመደው መድኃኒት ያልሠራላቸውን ሰዎች በዕጣ ከፍሎ ግማሾቹን በላፓሮስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ የሚሠራ ኦፕራሲዮን) ሲያሠራ ግማሾቹን ኢንፍሊክሲማብ አስጀመረ። ከዓመት በኋላ የሁለቱ ወገኖች የኑሮ ጥራት ተቀራራቢ ነበር። ከአምስት ዓመት ያህል ክትትል በኋላ ኢንፍሊክሲማብ ከጀመሩት 48 በመቶው አንጀታቸው ተቆርጧል፤ ቀድመው ከተሠሩት ግን ዳግመኛ መቆረጥ ያስፈለገው አልነበረም። የኢንፍሊክሲማብን ዋጋ ከኪሱ ለሚከፍል ቤተሰብ ይህ ውጤት ተራ መረጃ አይደለም፤ ለሐኪምዎ ያንሱት።

ቀዶ ሐኪሙ በዓይን ከሚታየው በሽታ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ መቁረጡ ይበቃል። በ1996 በአሜሪካው ክሊቭላንድ ክሊኒክ የታተመ ጥናት 2 ሳንቲ ሜትርን ከ12 ሳንቲ ሜትር ጋር አወዳድሮ፣ ብዙ መቁረጥ በሽታው እንዳይመለስ እንደማያደርግ አሳይቷል። አንጀቱ በብዙ ቦታ ከጠበበ ደግሞ ሳይቆረጥ ማስፋት ይቻላል፦ የጠበበው ቦታ በርዝመቱ ተሰንጥቆ በወርዱ ይሰፋል። ጃፓናዊው ቶሩ ኮኖ ከ2003 ጀምሮ ያስተዋወቀው ኮኖ ኤስ የተባለ አሰፋፍ የተቆረጡትን ጫፎች ከኋላ እንደ ዓምድ አስደግፎ ስፌቱ እንዳይጠብ ያደርጋል። በ2020 የታተመ የጣሊያን ጥናት ከስድስት ወር በኋላ በኮሎኖስኮፒ የታየ መመለስ በኮኖ ኤስ 22 በመቶ፣ በተለመደው አሰፋፍ 63 በመቶ ያህል ሆኖ አግኝቶታል። አንጀቱን የሚሸከመውን ስብ አብሮ ማውጣት ግን ተመሳሳይ ተስፋ ተጥሎበት በ2024 የታተመው ስፓይሲ የተባለ ጥናት ጥቅም አላገኘበትም። ስለዚህ የዘዴ ስም ይዞ ሄዶ “ይህን ሥሩልኝ” ከማለት፣ ሐኪሙ በእጁ የለመደውን መጠየቅ ይሻላል።

*አልሰራቲቭ ኮላይትስ።* በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ደም ያለው ተቅማጥ፣ ከዚያም ትኩሳት ከ37.8 በላይ፣ የልብ ምት ከ90 በላይ ወይም ሄሞግሎቢን ከ10.5 በታች ከታከለበት የሆስፒታል ጉዳይ ነው። በደም ሥር ስቴሮይድ ተጀምሮ በሦስተኛው ቀን ይመዘናል። በኦክስፎርድ የወጣው መለኪያ እንደሚለው በዚያ ቀን ሰገራው ከ8 ጊዜ በላይ ከሆነ፣ ወይም ከ3 እስከ 8 ሆኖ ሲአርፒ (በደም የሚለካ የቁጣ ምልክት) ከ45 ካለፈ፣ በዚያው ቆይታ ኦፕራሲዮን የማስፈለጉ ዕድል 85 በመቶ ነበር። ያኔ ወይ ሁለተኛ ደረጃ መድኃኒት ይጀመራል ወይ ይቆረጣል፤ “እስቲ አንድ ሳምንት እንየው” የሚባልበት ጊዜ አይደለም።

በድንገተኛ ጊዜ ትልቁ አንጀት ብቻ ይወጣል፣ ሬክተም ይቀራል፣ የትንሹ አንጀት ጫፍም በሆድ ላይ ይከፈታል፤ ይህ መውጫ ስቶማ ይባላል፣ የሚወጣውም ሆድ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይጠራቀማል። በሬክተም ምትክ ሰገራ የሚይዝ ውስጣዊ ከረጢት የሚሠራው ሰውነት ካገገመ በኋላ ነው። አለን ፓርክስና ጆን ኒኮልስ በ1978 ለንደን ውስጥ ያሳተሙትን ሐሳብ ጃፓናዊው ኡትሱኖሚያ በ1980 ወደ ጄ ቅርጽ አቀለለው፦ ከትንሹ አንጀት መጨረሻ ሁለት ክፍል፣ እያንዳንዱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ተጣጥፎ ተሰፍቶ ከፊንጢጣ ጋር ይያያዛል። ከዚህ በኋላ በቀን ከ5 እስከ 7 ጊዜ መውጣት ጤነኛ ውጤት ነው። ከተሠሩት እስከ ግማሽ የሚደርሱት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይህ ውስጣዊ ከረጢት ይቆጣባቸዋል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ሜትሮኒዳዞል ይመልሰዋል። ገና ልጅ መውለድ የምትፈልግ ሴት ይህ ኦፕራሲዮን በዳሌ ውስጥ በሚፈጥረው መጣበቅ የማርገዝ ዕድልን እንደሚቀንስ ከመፈረሟ በፊት ሊነገራት ይገባል። በላፓሮስኮፒ ሲሠራ ጉዳቱ ያንሳል፤ ከረጢቱን ከወሊድ በኋላ ማድረግም ይቻላል።

ለቀዶ ሐኪሙ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፦ በዓመት ስንት እንዲህ ያለ ኦፕራሲዮን ይሠራሉ? ከአንጀት ሐኪሙ ጋር ስለ እኔ ተነጋግራችኋል? ስቶማ የሚያስተምር ነርስ አለ? ስፌቱ ቢፈታ በሌሊት ማን ያየኛል? ጥሩ ሐኪም በእነዚህ አይቆጣም።

ከቀኑ በፊት ያሉት ሳምንታት

ስቴሮይድ። ፕሬድኒሶሎን በቀን 20 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ለሳምንታት የወሰደ ሰው ስፌቱ በዝግታ ይድናል፣ ኢንፌክሽንም ይቀለዋል። ጊዜ ካለ መጠኑ በሐኪም እየተቆጣጠረ ይወርዳል። በራስ ፈቃድ በአንድ ቀን ማቆም ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሰውነት የራሱን ኮርቲዞል ማምረት ስለተወ የደም ግፊት ወርዶ ራስን እስከመሳት ያደርሳል። ምን ያህል ሲወስዱ እንደቆዩ ለማደንዘዣ ባለሙያውም ይንገሩ።

ምግብ። በስድስት ወር ውስጥ ከክብደቱ ከአሥር በመቶ በላይ ያጣ ሰው ድንገተኛ ካልሆነበት በቀር መጀመሪያ ይመገብ። ልኩ በአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ነው፤ ለ50 ኪሎ ሰው በቀን ከ60 እስከ 75 ግራም። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ስለሚሰጥ፣ “በደንብ ብላ” የሚለው ምክር ብቻውን የትም አያደርስም፤ ይቆጠር። አንጀቱ የጠበበበት ሰው ጥሬና ጭራማ ነገር ሳይሆን ለስላሳውን፣ የተፈጨውንና ፈሳሹን ይውሰድ። በክሮንስ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በተመጣጠነ ፈሳሽ ምግብ ብቻ መቆየት አንጀቱን ያሳርፋል፣ ስቴሮይድንም ለመቀነስ ያግዛል።

ደም ማነስ። በሽታው ባለበት ፌሪቲን (በደም የሚለካ የብረት ክምችት) ከ100 በታች መሆኑ የብረት እጥረት ሊሆን ይችላል፤ በጤነኛ ሰው መለኪያ ታይቶ “ደህና ነው” መባሉ የተለመደ ስህተት ነው። የተቆጣ አንጀት የብረት ኪኒን በሚገባ ስለማይቀበል በደም ሥር የሚሰጠው ይመረጣል።

ሆድ ውስጥ መግል ካለ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ እየታየ በመርፌ ይወጣል፤ አንቲባዮቲክ ተሰጥቶ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ይቆረጣል። መግል ባለበት ላይ መስፋት ስፌት እንዲፈታ ያደርጋል። ሲጋራ የሚያጨስ የክሮንስ ታማሚ ዛሬውኑ ያቁም፤ በሽታው ቶሎ እንዲመለስ ከሚያደርጉት ነገሮች በራሱ እጅ ያለው ይህ ነው።

የስቶማው ቦታ ምልክት። ይህ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ተቀምጦ፣ ቆሞ፣ አጎንብሶና ተኝቶ ታይቶ በቀለም ይደረጋል። ከእምብርት፣ ከጠባሳ፣ ከሆድ እጥፋት፣ ቀበቶ ወይም መቀነት ከሚታሰርበት ይራቅ፤ ታማሚው ራሱ ጎንበስ ሳይል የሚያየው ቦታ ይሁን። ተኝቶ ብቻ የተመረጠ ቦታ ሲቀመጡ እጥፋት ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ የትኛውም ከረጢት አይይዝም።

ከረጢቱን መለወጥ

ብራያን ብሩክ በ1952 እንግሊዝ ውስጥ የአንጀቱን ጫፍ እንደ እጅጌ ገልብጦ መስፋትን ባያሳይ ኖሮ ኢሊዮስቶሚ (ከትንሹ አንጀት የተከፈተ ስቶማ) ይዞ መኖር እንዲህ አይቀልም ነበር። ከትንሹ አንጀት የሚወጣው ፈሳሽ ምግብ የሚፈጭ ኢንዛይም ስላለበት ቆዳን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ስቶማው ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ፈሳሹን ከረጢቱ ውስጥ ይጥላል።

ከረጢቱ ሲሶው ሲሞላ ይደፋ፤ ከሞላ በክብደቱ ይነቀላል። ሙሉው በሦስት ወይም በአራት ቀን ይለወጣል፤ ጊዜው ጠዋት ቁርስ ሳይበላ ቢሆን ፈሳሹ ትንሽ ነው። አሮጌውን ከላይ ወደ ታች፣ ቆዳውን በሌላው እጅ እየገፉ ያውልቁት። ቆዳውን በለብ ያለ ውሃ ብቻ ያጥቡት፤ ቅባትና ሽታ ያለው ሳሙና ማጣበቂያውን ያስለቅቃል። በደንብ ያድርቁት። ስቶማውን ለክተው ቀዳዳውን ከስቶማው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ አስፍተው ይቁረጡ። ለጥፈው በመዳፍዎ አንድ ሁለት ደቂቃ ይዘው ያሙቁት። እስከ ስምንተኛው ሳምንት ስቶማው ስለሚያንስ በየሳምንቱ እንደገና ይለኩ፤ በመጀመሪያው ቀን ልክ ለወራት መቁረጥ ቆዳ የሚልጥ ዋናው ምክንያት ነው። ጤነኛ ስቶማ እንደ ከንፈር ውስጥ ቀይና እርጥብ ነው፣ ሲነካ ትንሽ ይደማል። ከጠቆረ ወይም ከወየበ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ።

በመጀመሪያዎቹ ስድስት እስከ ስምንት ሳምንታት ቆሎ፣ ፈንድሻ፣ የበቆሎ እሸት፣ ለውዝ፣ ሸንኮራና የብርቱካን ነጭ ሽፋን ይቅሩ፤ ተጠቅልለው መውጫውን ይዘጋሉ። ፈሳሹ ቆሞ ሆድ ከነፋና ማስመለስ ከጀመረ ተዘግቷል ማለት ነው።

ትልቁ አደጋ ግን ውሃና ጨው ማጣት ነው። በቀን እስከ አንድ ሊትር መውጣቱ የተለመደ ሲሆን ከአንድ ተኩል ሊትር ካለፈ ኩላሊት ይጎዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ንጹህ ውሃ በብዛት በመጠጣት ነው፤ ጨው የሌለው ውሃ ከአንጀቱ ግድግዳ ጨው ስቦ ይወጣል፣ ጥሙም ይብሳል። ተራ ውሃ፣ ሻይና ለስላሳ በቀን ከአንድ ሊትር እንዳያልፍ አድርገው፣ ቀሪውን በአንድ ሊትር ውሃ 20 ግራም የግሉኮስ ዱቄት፣ 3.5 ግራም ገበታ ጨውና 2.5 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት በጥብጠው ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ይጠጡ። ሕይወት አድን ንጥረ ነገርም ያግዛል። ሎፔራማይድ (ተቅማጥ የሚያዘገይ መድኃኒት) ሐኪም ካዘዘ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ይወሰዳል። ጾምን በሚመለከት ኢሊዮስቶሚ ያለው ሰው ውሃ ሳይጠጣ መዋል የለበትም፤ ክርስትናም ሆነ እስልምና ለታመመ ይፈቅዳሉና የንስሐ አባትን ወይም ኢማሙን ቀድሞ ማማከር ነው።

ከወጡ በኋላ

ትኩሳት፣ የሚጨምር የሆድ ሕመምና ፈጣን የልብ ምት በመጀመሪያው ሳምንት ከታየ ስፌት ተፈቶ ሊሆን ስለሚችል ስልክ ደውሎ መጠበቅ አይበቃም። የአንድ እግር እብጠትና ድንገተኛ የትንፋሽ እጥረት የደም መርጋት ምልክት ነው፤ በዚህ በሽታ አደጋው ከፍ ስለሚል ደም የሚያቀጥን መርፌ እስከ አራት ሳምንት ሊታዘዝ ይችላል።

ለክሮንስ ታማሚ ደህና መሆን በሽታው አለመመለሱን አያሳይም። በ2015 የታተመው የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ፖሰር ጥናት፣ በስድስተኛው ወር ኮሎኖስኮፒ አድርጎ መድኃኒቱን በታየው ልክ ማጠንከር መመለሱን እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ቀጠሮውን ሳይወጡ ያስይዙ። ከትንሹ አንጀት መጨረሻ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ የተቆረጠበት ሰው ቢ12 ላይቀበል ስለሚችል በደም ይለካ፤ ከጎደለ በመርፌ ይሰጠዋል። ቅባት ባይበሉም የማያቆም ውሃ መሰል ተቅማጥ ካለ ያልተመጠጠ የሐሞት አሲድ ያመጣው ሊሆን ይችላል፣ ኮሌስታይራሚን የተባለው መድኃኒት ያስተካክለዋል።

ከሆስፒታል ሲወጡ የኦፕራሲዮኑን ሪፖርት ቅጂ ይጠይቁ። ስንት ሳንቲ ሜትር እንደተቆረጠ፣ ስንት እንደቀረ፣ ስፌቱ የት እንዳለና በምን ዓይነት እንደተሰፋ፣ የፓቶሎጂው ውጤትም ይጻፍበት። ከሪያድ ወደ አዲስ አበባ ወይም ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲዛወሩ የሚቀጥለው ሐኪም መጀመሪያ የሚፈልገው ይህን ወረቀት ነው፤ ፎቶ አንስተው ስልክዎ ላይም ያስቀምጡት።